መልስ፦ የገጠር ርዕሰ መምህራንን ከተማ ጠርቶ ማሰልጠን ወይስ በኦንላይን?

ወንድሜ፣ ራቅ ያለ ገጠር ያሉ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎችን ከተማ ጠርተን እናሰልጥን ወይስ በኦንላይን ላልከው፣ እኔ ሁለቱም ብቻቸውን አያዋጡም ባይ ነኝ። ከተማ ስትጠራው ሳምንት ሙሉ ይጠፋል፣ ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ እሱ አዳራሽ ቁጭ ብሎ ስላይድ ሲያይ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ይውላሉ ማለት ነው። ኦንላይኑም ኔትወርክ ከሌለ ምን ዋጋ አለው፣ ቪዲዮውን በፍላሽ ጭነህ ስጠው።

የሚያዋጣው እዛው ቢሮው ሄደህ በራሱ መዝገብ ማሰልጠን ነው። አቴንዳንሱን አውጣ በለውና አብራችሁ ቁጠሩ፣ የትኛው ክፍል ነው ብዙ የሚቀረው፣ በየትኛው ወር፣ ሴቶቹ ናቸው ወይስ ወንዶቹ። በአዝመራ ሰሞን ቁጥሩ ሲወርድ በአይኑ ካየ ፈተናውን መቼ ማድረግ እንዳለበት አንተ መንገር አይጠበቅብህም። በጀቱንም እንደዛው፣ ያምናውን ደረሰኝ ዘርግታችሁ።

ደሞ በናትህ አንድ ሰው ብቻ እንዳታሰለጥን! ሲዛወር ሁሉም ነገር አብሮት ይሄዳል፣ ምክትሉንና ሒሳብ ያዡን ጨምር።

ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን ሥራው ስለሚለያይ ሬጅስትራሩን፣ ግዢውን፣ ፋይናንሱን አንድ ላይ አትሰብስብ። አዲስ ሬጅስትራር ከሆነ በምዝገባ ሰሞን ልምድ ካለው ሬጅስትራር ጋር ሁለት ሳምንት አብሮ ቢሠራ ከስንት ሌክቸር ይበልጥበታል።

ለማቴሪያል፣ ፓሪስ ያለው የዩኔስኮ የትምህርት ፕላን ኢንስቲትዩት (በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው) በነፃ የሚወርዱ ጽሑፎች አሉት፣ ፕሪንት አድርገህ ይዘህ ሂድ። ከዛ በየወሩ ስልክ እየደወልክ የጀመሩት የት እንደደረሰ ጠይቃቸው።