ዝቅተኛ የአስተዳደር ወጪ የቁጠባ ማስረጃ ነውን?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምንኖር አሥራ ሁለት ጓደኛሞች በየወሩ እያዋጣን በአገር ቤት ለንጹሕ ውኃ ሥራ ልንልክ አስበናል። ካማረጥናቸው ሁለት ድርጅቶች አንዱ የአስተዳደር ወጪው 6 በመቶ፣ ሌላው 17 በመቶ መሆኑን ይገልጻሉ። ለየትኛው ብንልክ ይሻላል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በሁለቱ አኃዞች ብቻ እንዳትወስኑ አደራ እላለሁ። መቶኛው የሚያሳየው ወጪው በየትኛው መደብ እንደተመዘገበ እንጂ ገንዘቡ ምን እንደሠራ አይደለም። ለዚህ የአገራችን ሕግ ራሱ ምስክር ነው፤ በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 30 በመቶ ሲሆን፣ አዋጁን ተከትሎ የወጣው መመሪያ ለክትትልና ለግምገማ የሚወጣውን ገንዘብ ሳይቀር አስተዳደር ይለው ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም ትርጉሙን ስላጠበበው፣ ሥራውም ደመወዙም ሳይለወጥ መቶኛው ሊቀንስ ይችላል።

ከዓመታት በፊት ያየሁት አንድ የእጅ ፓምፕ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እጀታው ዝጎ፣ ዙሪያውን ሣር በቅሎበት ቆሟል፤ ያለቀው ግን አንዲት ጎሚኒ ብቻ ነበረች። የጠጋኙ ደመወዝና የመኪናው ነዳጅ «አስተዳደር ነው» ተብሎ ከበጀት ስለወጣ የሚቀይራት ሰው ጠፍቶ፣ እናቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመልሰዋል። በሪፖርቱ ላይ ያ ድርጅት ቆጣቢ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የባሰ ብክነት አላውቅም።

ስለዚህ ሁለቱንም ድርጅቶች ከሦስት ዓመት በፊት የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ስንት እንደሆኑ፣ ዛሬ ውኃ የሚሰጡት ስንቱ እንደሆኑ ጠይቋቸው፤ ጠቅላላውን ወጪ፣ የቢሮውን ጨምራችሁ፣ ዛሬ ለሚሠሩት ጉድጓዶች ቁጥር አካፍሉት። በውጭ ኦዲተር የተመረመረውን ሒሳብ ከነማብራሪያው ጠይቁ፤ የጋራ ሠራተኞች ደመወዝ በፕሮጀክትና በአስተዳደር መካከል በምን ስሌት እንደተከፈለ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ድርጅቱ በአሜሪካም ከተመዘገበ፣ ለአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያቀርበው ቅጽ 990 የፕሮግራምን፣ የአስተዳደርንና የገንዘብ ማሰባሰብን ወጪ ለይቶ ያሳያል። ዓመታዊ ገቢያቸው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንንሽ ማኅበራት ግን የወጪ ዝርዝር የሌለው አጭር ማስታወቂያ ብቻ እንዲያቀርቡ ስለሚፈቀድላቸው፣ ከእነርሱ ዝርዝሩን በቀጥታ ጠይቃችሁ መቀበል ይኖርባችኋል።