ቀረጡን ማን ይከፍላል? ስለ አሜሪካ ታሪፍ ለጠየቃችሁኝ

ስለ አሜሪካ ታሪፍ የደረሱኝ ጥያቄዎች ተከማችተዋል። አንዳንዶቹ ኪሳቸው የተነካ ነጋዴዎች የላኳቸው ናቸው። ሌሎቹ የመጡት ታሪኩን ማወቅ ከሚፈልጉ ሰዎች ነው። የቻልኩትን ያህል ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (አንዲት አስመጪ፣ ከቨርጂኒያ)፦ ከዱባይና ከአዲስ አበባ ልብስ እያስመጣሁ እሸጣለሁ። ታሪፉን የሚከፍሉት የውጭ አገሮች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ሂሳቡ ለምን በእኔ ስም ይመጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ በሕጉ ከፋይዋ አንቺ ስለሆንሽ ነው። ታሪፍ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ የሚጣል ቀረጥ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ገንዘቡን የሚጠይቀው አስመጪውን ነው። የዱባዩ ነጋዴም ሆነ መንግሥቱ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት የሚልከው ሳንቲም የለም።

ከዚያ በኋላ ጫናው ማን ላይ ያርፋል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ላኪው ደንበኛ እንዳያጣ ዋጋ ሊቀንስልሽ ይችላል። አንቺም ከትርፍሽ ቀንሰሽ ልትችዪው ትችያለሽ። ካልሆነ ዋጋ ትጨምሪያለሽ፤ ገዢው ይከፍላል። የ2018ቱን ታሪፎች ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች የውጭ ላኪዎች ዋጋቸውን እምብዛም እንዳልቀነሱ አግኝተዋል። ጫናው በአብዛኛው እዚያው አሜሪካ ውስጥ ቀረ።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። በጃንዋሪ 2018 ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ታሪፍ ተጣለ። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 1.2 ሚሊዮን ለሚደርሱ ማሽኖች 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሚገቡት 50 በመቶ ነበር። የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) እና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገበያውን ተከታትለው አጠኑ። የአንድ ማጠቢያ ዋጋ በ86 ዶላር ገደማ ጨምሯል። የማድረቂያውም በ92 ዶላር ገደማ። ማድረቂያ ላይ ግን ምንም ታሪፍ አልተጣለም ነበር! ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ ሻጮቹ ጭማሪውን አከፋፈሉት። አሜሪካ ውስጥ የተሠራውም ማሽን አብሮ ተወደደ፤ ተፎካካሪው ዋጋ ሲጨምር እሱ ለምን ይቀራል? 1,800 ያህል አዲስ የሥራ ቦታ መፈጠሩ እውነት ነው። ሲሰላ ግን እያንዳንዱ የሥራ ቦታ ገዢውን ሕዝብ በዓመት ከ800 ሺህ ዶላር በላይ አስወጥቷል። ሥራ ያገኘው ሰው ለምን እንዳገኘ ያውቃል፤ ለእንደራሴውም ድምፁን ይሰጣል። ሱቅ ገብታ 86 ዶላር የጨመረችው እናት ግን ለምን እንደጨመረች እንኳ አታውቅም። የታሪፍ ፖለቲካ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ጥያቄ (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)፦ መምህራችን "አሜሪካ ያደገችው በታሪፍ አጥር ውስጥ ሆና ነው" ይሉናል። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ጆርጅ ዋሽንግተን ከፈረማቸው የመጀመሪያዎቹ ሕጎች አንዱ የጁላይ 4 ቀን 1789 የታሪፍ ሕግ ነው። ትልቁ ምክንያት ገንዘብ ነበር። አዲሱ መንግሥት ዕዳ ተሸክሟል፤ ገቢ ግብር የለውም። ወደብ ላይ ቆሞ ቀረጥ መሰብሰብ ደግሞ ይቀላል። እስከ አሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት (1861) ድረስ አብዛኛው የፌዴራል ገቢ የመጣው ከጉምሩክ ነው። ገቢ ግብር በቋሚነት የተተከለው በ1913፣ 16ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጸድቅ ነው።

የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን በ1791 መንግሥት ጀማሪ ፋብሪካዎችን ይደግፍ ብሎ ለኮንግረስ ጽፏል። የታሪፍ ደጋፊዎች እሱን ይጠቅሳሉ። ግን እሱ ከከፍተኛ ቀረጥ ይልቅ ለአምራቹ በቀጥታ የሚሰጥ ድጎማን ነበር የሚመርጠው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አጥሩ በእርግጥ ረጅም ነበር። በ1890 የማኪንሊ ሕግ፣ ቀረጥ በሚከፈልባቸው ዕቃዎች ላይ አማካዩ ወደ 50 በመቶ ተጠጋ። መራጩም ወዲያው ተቆጣ። ሕጉ በጸደቀ በወሩ በተደረገው ምርጫ ሕጉን ያወጡት ሪፐብሊካኖች ክፉኛ ተሸነፉ፤ ሕጉ በስሙ የሚጠራው እንደራሴ ዊልያም ማኪንሊም ራሱ የኮንግረስ ወንበሩን አጣ። በ1896 ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ኢኮኖሚው ያደገው በዚሁ ዘመን ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን ሚሊዮኖች ከአውሮፓ እየፈለሱ ይገቡ ነበር። የለንደን ገንዘብ በባቡር ሐዲዱ ላይ ይፈስ ነበር። ከሰልና ብረት በገፍ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ግዛቶች እርስ በርስ ቀረጥ እንዳይጣጣሉ ከልክሏል፤ ከሜይን እስከ ካሊፎርኒያ አንድ ገበያ ነው። ለመምህርህ ይህን አንሳላቸው፦ ያሳደጋት አጥሩ ነው ወይስ ከአጥሩ ውስጥ የነበረው ያ ሰፊ ነፃ ገበያ? እኔ ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ የሥራ ባልደረባዬ "የእርስ በርስ ጦርነቱ የተነሳው በታሪፍ እንጂ በባርነት አይደለም" ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ተሳስተሃል በለው። ክርክሩ ከየት እንደመጣ ግን ማወቁ ይጠቅምሃል። በ1828 ኮንግረስ በብረት፣ በሱፍና በሌሎችም ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። ደቡቦቹ "አስጸያፊው ታሪፍ" አሉት። ደቡቡ ጥጥ ለእንግሊዝ ይሸጥና የፋብሪካ ዕቃ ይገዛ ነበር። ታሪፉ የሚገዛውን አስወደደበት። እንግሊዝም ዕቃዋ ካልተሸጠላት ጥጡን በምን ትገዛለች የሚል ስጋት መጣ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጆን ካልሁን ስሙን ደብቆ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀ። አንድ ግዛት የፌዴራልን ሕግ በክልሉ ውድቅ ማድረግ ይችላል የሚል ነው። በኖቬምበር 1832 ሳውዝ ካሮላይና ይህንኑ አደረገች፤ ታሪፉ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 1833 ጀምሮ እኔ ዘንድ አይሠራም ብላ አወጀች።

ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን፣ ኅብረቱን በመሣሪያ ማፍረስ ክህደት ነው ሲል አስጠነቀቀ። በማርች 2 ቀን 1833 በአንድ ቀን ሁለት ሕግ ፈረመ። አንዱ ቀረጡን ለማስከበር ጦር እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። ሁለተኛው ሴናተር ሄንሪ ክሌይ ያስማማበት፣ ታሪፉን ቀስ በቀስ የሚያወርድ ሕግ ነው። ሳውዝ ካሮላይናም አዋጁን ሻረች። ክብሯን ላለማጣት ግን የጦሩን ሕግ ውድቅ አድርጌያለሁ አለች።

አሁን የባልደረባህን ነገር እንመልከት። በ1857 ታሪፉ በጣም ወርዶ ነበር። ከፍ ያደረገው የሞሪል ሕግ የተፈረመው በማርች 1861 ነው፤ ሰባት ግዛቶች መገንጠላቸውን ካወጁ በኋላ ማለት ነው። ሳውዝ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 ስትገነጠል ያወጣችውን መግለጫ አብራችሁ አንብቡት። የሚያወራው ስለ ባርነት ነው፤ ከባርነት አምልጠው የሄዱ ሰዎች አልተመለሱልንም እያለ ይከሳል። ያንን ጥጥ የለቀሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ጌቶቻቸው ስለ ቀረጥ ጫና ሲጮኹ እነሱን የጠየቃቸው አልነበረም።

ጥያቄ (ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ከቶሮንቶ)፦ የ1930ዎቹ ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት በስሙት-ሆሊ ታሪፍ መጣ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ድቀቱን ያመጣው እሱ አይደለም። የአክሲዮን ገበያው የወደቀው በኦክቶበር 1929 ነው። ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕጉን የፈረመው በጁን 17 ቀን 1930 ነው። ኢኮኖሚውን ይበልጥ የጎዱት የባንኮቹ መውደቅና ገንዘብን በወርቅ ልክ ያሰረው የወርቅ ሥርዓት ናቸው። ታሪፉ ግን በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ጨመረበት።

አነሳሱ ገበሬን ለመርዳት ነበር። ኮንግረስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱ እንደራሴ ለራሱ ወረዳ ዕቃ ቀረጥ ማስገባት ጀመረ። "የእኔን ደግፍልኝ፣ ያንተን እደግፍልሃለሁ" ነው ነገሩ። ከ1,000 በላይ ኢኮኖሚስቶች ሁቨር እንዳይፈርም ተማጸኑት። ሴኔቱ 44 ለ42 አሳለፈው። ብዙው ቀረጥ ደግሞ በመቶኛ ሳይሆን በሳንቲም የተተመነ ነበር። የዕቃ ዋጋ ሲወድቅ ሳንቲሙ አልወረደም፤ ስለዚህ ሸክሙ በራሱ ጊዜ ከበደ።

እርስዎ ያሉበት አገር ዝም አላለም። አሜሪካ በአንድ ደርዘን እንቁላል ላይ ቀረጡን ከ8 ሳንቲም ወደ 10 አሳደገች። ካናዳ በአጸፋው ከ3 ወደ 10 ሳንቲም አወጣችው። በ1929 አሜሪካ ለካናዳ ከ900 ሺህ ደርዘን በላይ እንቁላል ሸጣ ነበር። በ1932 ወደ 14 ሺህ ደርዘን ወረደ። ሕጉ የወጣው ለገበሬው ተብሎ ነበር፤ እንቁላሉ ግን በገበሬው እጅ ቀረ። ሴናተር ስሙትና የምክር ቤት አባሉ ሆሊ ሁለቱም በ1932 ወንበራቸውን አጡ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሕገ መንግሥቱ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ለኮንግረስ ይሰጣል። ፕሬዚዳንቱ እንዴት ብቻውን ይጥላል?

መልስ፦ ኮንግረስ ራሱ ስለሰጠው ነው። ከ1930 በኋላ እንደራሴዎቹ ራሳቸውን ፈሩ ማለት ይቻላል። በ1934፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በኮርዴል ሃል ግፊት፣ ፕሬዚዳንቱ ከሌሎች አገሮች ጋር ተደራድሮ ታሪፍ እስከ ግማሽ እንዲቀንስ ፈቀዱለት። የ1962ቱ ሕግ የብሔራዊ ደኅንነትን፣ የ1974ቱ ሕግ የሌላ አገር ተገቢ ያልሆነ ንግድን ምክንያት አድርጎ እንዲያሳድግም በር ከፈተ። የ2018ቱ የብረትና የቻይና ታሪፎች በእነዚህ በሮች ነው የገቡት። በ2025 የተጣሉት ብዙዎቹ ግን የ1977ቱን የድንገተኛ ሁኔታ ሕግ ጠቅሰው ነው። ያ ሕግ ታሪፍ የሚል ቃል የለበትም፤ ጉዳያቸው ፍርድ ቤት የደረሰውም በዚህ ነበር።

ጥያቄ (ሾፌር፣ ከዴንቨር)፦ አገር ቤት የማውቃቸው የውጭ ትንንሽ ፒክአፖች እዚህ ለምን የሉም?

መልስ፦ በዶሮ ምክንያት ነው! በ1960ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ የአውሮፓን ገበያ ሲያጥለቀልቅ አውሮፓውያን ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በአጸፋው በብራንዲ፣ በድንች ስታርችና በቀላል የጭነት መኪና ላይ ቀረጥ አወጣ። የመኪናው 25 በመቶ ከ1964 ጀምሮ እስካሁን አልተነሳም። የዶሮው ጠብ ከተረሳ ስንት ዘመኑ! ፎርድ ከቱርክ የሚያስመጣቸውን የዕቃ መኪናዎች ለመንገደኛ የተሠሩ ለማስመሰል የኋላ ወንበር ገጥሞ ያስገባ ነበር፤ ከጉምሩክ ሲያልፉ ወንበሮቹ ይነቀላሉ። በ2024 ክሱን ለመዝጋት 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። አጎዋ ሲቀር ሥራችን ቀረ። አንድ ቀረጥ ይህን ያህል ያደርጋል?

መልስ፦ ያደርጋል፣ እህቴ። አጎዋ በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ የተመረጡ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። የሀዋሳው ፓርክ በ2016 ሲከፈት ዋና ተስፋው ይኸው ነበር። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጣች። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጎ ጠቀሰ።

ሂሳቡን እንየው። የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። የፖሊስተሩ 32 በመቶ። አንቺ የሰፋሽው የጥጥ ቲሸርት ለአስመጪው 5 ዶላር ቢያወጣ በአጎዋ ቀረጡ ዜሮ ነበር። ያለ አጎዋ 82 ሳንቲም ያህል ይጨመርበታል። በ2022 ኬንያ ወይም ማዳጋስካር ውስጥ ያለው ፋብሪካ ያንን ቲሸርት ያለ ቀረጥ ይልክ ነበር። በልብስ ንግድ ገዢዎች በአንድ ቲሸርት ላይ በሳንቲሞች ነው የሚከራከሩት፤ 82 ሳንቲም ትልቅ ገንዘብ ነው። ጦርነቱና ኮቪድም ጎድተዋችኋል፤ ሁሉንም በአጎዋ ላይ አልጭንም። ቅጣቱ የተጻፈው ለመንግሥት ነበር። የደረሰው ግን ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር መጥተው በደሞዛቸው ቤተሰብ ይረዱ የነበሩ ሴቶች ዘንድ ነው። ይህ ልክ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ በወቅቱም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ (የቡና ቤት ባለቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የይርጋጨፌ ቡና የተወደደው ከአጎዋ ስለወጣን ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጥሬ ቡና በመደበኛው የአሜሪካ ታሪፍ ከማንም አገር ቢመጣ ቀረጡ ዜሮ ነው። ሃዋይንና ጥቂት ቦታዎችን ካልቆጠርን አሜሪካ ቡና አታበቅልም፤ የምትከላከልለት ገበሬ የላትም። ኮንግረስ የቡናና የሻይን ቀረጥ በ1872 ያነሳው የሠራተኛው ቁርስ እንዲረክስ ተብሎ ነው። የ1890ው የማኪንሊ ሕግ ደግሞ ቡናን መደራደሪያ አደረገው። አሜሪካን በታሪፍ የሚበድል አገር ቡና ላይ ፕሬዚዳንቱ በፓውንድ 3 ሳንቲም እንዲጥል ፈቀደለት። በ1892 በኮሎምቢያ፣ በቬኔዝዌላና በሄይቲ ቡና ላይ ተጣለ።

በ2025 ያ መንገድ ተመለሰ። ከኤፕሪል ጀምሮ በኢትዮጵያ ቡና ላይ 10 በመቶ፣ ከኦገስት ጀምሮ በብራዚል ቡና ላይ በድምሩ 50 በመቶ ተጣለ። የዓለም ዋጋ ደግሞ በብራዚልና በቬትናም ድርቅ ምክንያት ቀድሞውኑ ሰማይ ነክቶ ነበር። የቡና መወደድ መራጩን ሲያስመርር በኖቬምበር 2025 ቡና ከእነዚያ ታሪፎች እንዲወጣ ተደረገ። አቅራቢህ አሁንም "የታሪፍ" ብሎ የሚያስከፍልህ ከሆነ፣ ቡናው ወደብ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቀው። ከኖቬምበር በኋላ የገባ ከሆነ ተከራከረው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እናቴ ከአዲስ አበባ የሀበሻ ቀሚስ ልትልክልኝ ነው። እከፍላለሁ?

መልስ፦ ድሮ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ያ ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ከሰው ለሰው የሚላክ እውነተኛ ስጦታ ግን እስከ 100 ዶላር ነፃ ነው። እማማ ሲልኩ "ስጦታ" ብለው፣ የቀሚሱንም ትክክለኛ ዋጋ በፎርሙ ላይ ያስጽፉ። ዋጋው ከ100 ዶላር ካለፈ አድራሹ ድርጅት ቀረጡን አንቺን ይጠይቅሻል፤ የራሱን የአገልግሎት ክፍያም ሊጨምርበት ስለሚችል ስንት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።