ስለ ባለ አራት እግሩ የወረቀት ማሽን፦ ከመቁረጥህ በፊት ለካ

ወንድሜ፣ «የስታር ዋርሱን ባለ አራት እግር ተራማጅ ማሽን በወረቀት ልሠራ የሚቆረጠውን ስዕል ፋይል አውርጃለሁ። ባሕር ዳር የት ላሳትመው? እግሩስ ሰውነቱን ይችላል ወይ?» ብለሃል። ሁለቱንም በገንዘቤና በእንቅልፌ ስለተማርኩት ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። መቁረጥና ማጣበቁን እንደምትችል እገምታለሁ፤ እሱን እንተወው።

1. ማሳተሙ። የት የሚለው አያስጨንቅህ፤ እንዴት የሚለው ነው የሚጎዳህ። ፍላሽህን ስትሰጥ «በራሱ መጠን፣ መቶ በመቶ» በል። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ስዕሉን ከገጹ ጋር እንዲገጥም ብሎ በጥቂቱ ያሳንሰዋል። እኔ ፔዳ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ 18 ገጽ አሳተምኩ፤ የሠርግ ጥሪ በሚታተምበት ወፍራም ወረቀት። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ልጁ ከቆመበት ቀጠለ፤ ለካ ምርጫው ወደ ነበረበት ተመልሶ ኖሯል። የፊት እግሮቹ በ100፣ የኋላዎቹ በ97 በመቶ ወጡ። በዓይን አይለይም! ሦስት ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ አጣበቅኩ። ሳቆመው ወደ ኋላ ተቀመጠ። 120 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት የኋላ እግር 116 ተኩል እንኳ አልሞላም።

ገጾቹን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ወረቀት አይደል? በመቀስ አስተካክለው» አለኝ። ያጠረን ነገር በመቀስ እንዴት ነው የማስረዝመው? ባለቤቱም መጥቶ «ለመጫወቻ ነው ይሄ ሁሉ?» አለና ለድጋሚው ሙሉ ዋጋ ተቀበለኝ። ለልጄ የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የሚቀርብ ሥራ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ማስመሪያ ይዘህ ሂድ፤ ገንዘብ ሳትከፍል እዚያው ባንኮኒው ላይ ለካ። ፋይልህ የመለኪያ መስመር (ርዝመቱ አጠገቡ የተጻፈበት መስመር) ካለው በየገጹ ለካው። ከሌለው የፊትና የኋላ እግር ገጾችን ደርበህ ወደ ብርሃን አንሣቸው፤ መስመሮቹ ካልተገጣጠሙ አትቀበል።

2. እግሩ ይችላል ወይ? ይችላል፣ የወረቀቱን ክር ካወቅክበት። ወረቀት እንደ እንጨት ክር አለው፤ ቃጫዎቹ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ቀስ ብለህ በቁመቱም በወርዱም ለማጠፍ ሞክር፤ እምቢ ሳይል የሚለመጥበት እጥፋት ከክሩ ጋር ትይዩ ነው። ክሩ በእግሩ ቁመት መሄድ አለበት። መጀመሪያ የሠራሁት ክሩ በወርድ ስለነበር፣ ሐምሌ ላይ የሐይቁ እርጥበት ሲገባበት አራቱም ጉልበቱ ለሰሰ። መፍትሔውን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር ነው። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን በቁመቱ ደርድሮ ጠበቅ አድርጎ ሲያስር ቆሜ አየሁ። አንዱ ደንገል ብቻውን ይታጠፋል፤ ነዶው ግን ሰው ይሸከማል። ቤት ገብቼ ተራ የኮፒ ወረቀት አጥብቄ ጠቀለልኩና በየእግሩ ባዶ ውስጥ እንደ አጥንት ከተትኩ። ኮላውን ቀጭን አድርግ፤ ከበዛ ወረቀቱን ያረጥብና ያጣምመዋል። አንዱን እግር ያበላሸብኝ ይሄው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ጭኜበት እንኳ አልተቃናም።

3. ጉልበቱ እንዲንቀሳቀስ አትሞክር። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ላይም ቢሆን ሲራመዱ የምታያቸው ትንንሽ ሞዴሎች ናቸው፤ በእጅ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ፣ ፍሬም በፍሬም ነው የቀረጿቸው። አንተም አንድ አቋቋም ምረጥና እዚያው አጣብቀው።

ደግሞ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ስለወጣ ይደፋል። ሆዱን ከመዝጋትህ በፊት ከኋላ በኩል ሳንቲሞች አጣብቅ። እኔ ዘግቼ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ የገባኝ በምላጭ ቀድጄ ነው የከፈትኩት፤ ጠባሳው አሁንም ሆዱ ሥር አለ።

ሁለተኛው ሥራዬ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ መደርደሪያው ላይ በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጄ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባቴ ነው የሠራው» ይላል። አንገቱ ጋ ስትደርስ ጻፍልኝ፤ እዚያ ጋ የሚሰፋውን ቀዳዳ ከውስጥ እንዴት እንደደፈንኩት ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ።