ለጭፈራ ዘፈንና ለክሊፑ

ሐዋሳ ላይ የጭፈራ ዘፈን ለምትሠሩ ልጆች፤

ሰው አንዴ ሰምቶ የሚይዘው አዝማች ቀላል ስለሆነ በቀላሉ የተሠራ ይመስላል። ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት አዝማቹን በጭብጨባ ብቻ ለአንድ ሕፃን ዝፈኑለት። በሦስተኛው ዙር አብሯችሁ ካላለ ቃል ቀንሱ።

ቃልና ዜማ የሚጣሉበትም ቦታ አለ። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። የሚጠብቀው ፊደል አጭር ምት ላይ ከወደቀ ዘፋኙ ሳያውቀው ያላላዋል፤ አድማጩም ሌላ ቃል ይሰማል። ግጥሙን መጀመሪያ እንደ ወሬ አውሩት፣ አፋችሁ የረገጠበትን ምልክት አድርጉ፣ ዜማውም እዚያው ይርገጥ። ይህ ከማንኛውም ውድ ስቱዲዮ ይበልጣል።

ውዝዋዜው አራት እንቅስቃሴ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ማንም ቤቱ አይደግመውም።

ስትቀርጹ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሴኮንድ አድርጉት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ስለሆነ ሌላ ቁጥር ከመረጣችሁ ቤት ውስጥ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። ዘፋኙ ከንፈሩን እንዲያስከትል ዘፈኑን የሚያጫውተውን ስፒከር እሱው አጠገብ አኑሩት። ሐይቁ ዳር ነፋስ ሲነሣ ብዙዎች ካሜራው ጋ ትተውት ድምፁን ብቻ ይጨምራሉ። ድምፅ በሴኮንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው፤ ከስፒከሩ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ዘፋኝ ዘፈኑን አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ይሰማል፣ ማለትም ሁለት ፍሬም ተኩል። ከንፈሩ ከዘፈኑ ወደኋላ ይቀራል። እየጨፈረ ወደ ካሜራው ከመጣ ደግሞ መዘግየቱ በየእርምጃው ይለዋወጣል፤ ያኔ ኤዲቲንግ ላይ የድምፁን መስመር አንዴ ገፋ በማድረግ ብቻ አይስተካከልም።

ኤዲቲንግ ላይ ፍሬም አትቁጠሩ። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንድ ምት 12 ፍሬም ተኩል ነው። በየ12ቱ ከቆረጣችሁ ከ32 ምት በኋላ 16 ፍሬም ቀድማችኋል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም እግሩ ይቆማል። ምልክቱን ከበሮው በሚታይበት የድምፅ መስመር ላይ አኑሩ።

ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ጠዋት ሐይቁን ከጀርባ አድርጎ ለቆመ ሰው ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ማታ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ለማታ ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ወጥራችሁ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ፊቱ መልሱለት።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ትልቁን ወፍ አባ ኮዳን ከተወዛዋዥ ጋር ማሳየት የሚያምር ጨዋታ ነው። ዓሣ አጥማጆቹን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ወፉን አታባርሩት፣ በዓሣ ቁራጭም አታባብሉት፤ ካሜራውን አርቃችሁ ተወዛዋዡን ከፊቱ አቁሙና በረዥም ሌንስ ያዟቸው። ከዚያ ርቀት በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ስለሚጠብ ጎን ለጎን የሚጨፍሩ ይመስላሉ።