ሎጊኑ የዊንዶውስ ነው የኤስኪውኤል? በአንድ ኮለም ይለያል
ወንድሜ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ሶፍትዌር) ላይ የትኛው ሎጊን (ወደ ሰርቨሩ መግቢያ አካውንት) የዊንዶውስ፣ የትኛው የራሱ የሰርቨሩ እንደሆነ በምን ልለይ ላልከው፣ ሎጊኖቹን የሚዘረዝረውን ሲስ.ሰርቨር_ፕሪንሲፓልስን ሴሌክት አድርግና ታይፕ የሚለውን ኮለም እይ። ኤስ ካለ በፓስወርድ የሚገባ የኤስኪውኤል ሎጊን ነው። ዩ የዊንዶውስ አካውንት፣ ጂ የዊንዶውስ ግሩፕ፣ አር ደግሞ ሮል (የፈቃዶች ጥቅል) ነው። ጂ የምትለዋን በደንብ እያት! አንድ መስመር ብቻ ሆና ከኋላዋ 50 ሰው ሊኖር ይችላል፣ ስማቸው ደግሞ እዚያ አይወጣም። የዳታቤዝ ዩዘሮችን (ሎጊኑ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ የሚሠራባቸውን አካውንቶች) የምታገኘው ግን እያንዳንዱ ዳታቤዝ ውስጥ ገብተህ ሲስ.ዳታቤዝ_ፕሪንሲፓልስን ስትጠይቅ ነው። ሎጊኑንና ዩዘሩን በኤስአይዲ (በሁለቱም ዝርዝር ላይ ባለው መለያ) አገናኛቸው። በስም እንዳትሞክር፣ የዩዘሩና የሎጊኑ ስም ሊለያይ ይችላል፣ እኔ በዚህ ብዙ ሰዓት አቃጥያለሁ። ባክአፕ ከሌላ ሰርቨር አምጥተህ ሪስቶር ካደረግክ ደግሞ ሎጊን አልባ የቀሩ ዩዘሮች የሚጋለጡልህ በዚሁ በኤስአይዲ ስታገናኝ ነው።