ግቢውን ትቼ ልጥፋ ወይስ ልታከም? ላለችኝ የ3ኛ ዓመት ተማሪ

ሠላም እህቴ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከአያት ወዲያ ባለ ግቢ የ3ኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነሽ፣ ከገና ወዲህ እንቅልፍ የለሽም፣ ክላስ መግባት አቅቶሻል፣ ሁለት ኮርስ ላይ ሚድ ተበላሽቶብሻል፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ ልትገቢ አስበሻል፣ ሀኪም ጋ ያልሄድሽው ደግሞ "ፋይሌ ላይ ከተጻፈ ነገ ማን ይቀጥረኛል" ብለሽ ፈርተሽ ነው።

የሥራውን ጉዳይ እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን መሃል ላይ እንደዋዛ ጣል አርገሽ ያለፍሽው ነገር አለ፣ "አንዳንዴ ተኝቼ ባልነቃ ይሻለኛል" ያልሽው። እኔ እሱን አላልፈውም። ይሄን ዛሬ ማታውኑ ለአንድ ሰው በአፍሽ ንገሪ፣ ለዶርም ጓደኛሽም ይሁን ለፕሮክተሯ፣ ብቻሽን አትደሪ። ሀሳቡ ከበረታብሽ ወይ እንዴት እንደምታደርጊው ማሰብ ከጀመርሽ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ የግቢው ክሊኒክ ተረኛ ካለው እዛ፣ ከሌለም ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሰው ይዞሽ ይሂድ። ይሄን የምታነቡ ጓደኞችም ካላችሁ፣ "ራስሽን ልትጎጂ አስበሻል ወይ" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ያልነበረ ሀሳብ አያመጣባትም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ብሎ ስለሚፈራ ነው ዝም የሚለው፣ እንደውም የጠየቃት ሰው በማግኘቷ ነው የሚቀላት።

አሁን ወደ ሥራው። ቀጣሪ የሚጠይቅሽ ዲግሪ ወይ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት) ነው፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ወረቀት) ነው፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም ማለፍሽን ነው፣ መታወቂያና አንዳንድ ቦታም ተያዥ። የክሊኒክ ካርድሽ ከነዚህ ውስጥ የለም። ሬጅስትራር ያለው ፋይልና ክሊኒክ ያለው ካርድ የተለያዩ ናቸው፣ ሀኪሙም ሚስጥርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሳልደብቅሽ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀጥር የጤና ምርመራ ወረቀት አምጪ ይላል፣ ግን እሱ የሚያየው በዛን ሰዓት ሥራውን መሥራት መቻልሽን ነው፣ 3ኛ ዓመት እያለሽ እንቅልፍ አጥተሽ ታክመሽ ነበር ወይ ብሎ ግቢሽ ድረስ ሄዶ ካርድ የሚያስወጣ የለም።

ፋይልሽን የሚያበላሸው ምን መሰለሽ፣ ሳይናገሩ መጥፋት ነው። ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት በወጉ የማቋረጫ ፎርም፣ ሳትሞዪ ከሄድሽ የያዝሻቸው ኮርሶች በብዙ ግቢ ኤፍ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ጂፒኤሽ ከ2.00 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ከወረደ ዋርኒንግ ወይ ዲስሚሳል (ከግቢ መባረር) ሊከተል ይችላል፣ ሲሻልሽ ለሪአድሚሽን (ተመልሶ ለመግባት) ስትመጪ ደግሞ ታማ ነበር የሚል አንድ ወረቀት እንኳን እጅሽ ላይ የለም። እንደዚህ ሆነው እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ ያመማቸው ነገር ከተሻላቸው በኋላ የሚያስለቅሳቸው ግሬዱ ነው። በወጉ አቋርጣ የወጣች ግን ተመልሳ ትቀጥላለች። ከባቾችሽ አንድ ዓመት ብትዘገዪ ኢንተርቪው ላይ "በጤና ምክንያት አቋርጬ ተመልሼ ጨረስኩ" ትያለሽ፣ በቃ፣ ከዛ በላይ ማብራራት የለብሽም።

ግን እኮ ማቋረጡ ራሱ ላያስፈልግሽ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ የምትወጂውን ነገር መጥላት፣ ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ የስንፍና ነገር አይደለም፣ የሚታከም ነገር ነው። ነገ ጠዋት ግቢ ክሊኒክ ሂጂ፣ ሰው እንዳያየኝ ያልሽው ደግሞ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ማን በጉንፋን ማን በምን እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። ሪፈር ከጻፉልሽ ባንቺ በኩል ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፣ መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤልም አለ፣ ስሙን ስትሰሚ አትደንግጪ፣ በድብርትና በጭንቀት ታይቶ በዛው ቀን ቤቱ የሚገባው ብዙ ነው። ከናንተ ሰፈር ታክሲ ቀያይሮ መሄድና ወረፋ ቀኑን ሊበላው ስለሚችል ክላስም ፈተናም የሌለበትን ቀን ምረጪ፣ ጓደኛሽ አብራሽ ትሂድ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ይቀመጥ፣ ለሜክአፕ ፈተናም ለዊዝድሮዋልም የሚጠይቁሽ እሱን ነው። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል፣ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብለሽ አትተዪው፣ ሲሻልሽም በራስሽ አታቋርጪው። ለማንበብ ብለሽ ማታ ማታ የምትጠጪውን ቡና ግን ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚ።

እናትሽ ጠበል ካልወሰድኩሽ ማለታቸውን አትጣዪው። ሂጂ፣ ተጠመቂ፣ መድኃኒቱን ግን ይዘሽ ሂጂ። አቡነ ጳውሎስ እንኳ በጊዜያቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በአደባባይ መክረዋል፣ እናትሽ ይሄን ሲሰሙ ይለዝባሉ ብዬ አስባለሁ።

መምህራንም ይሄን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምን። ክላስ ውስጥ ጥያቄ ሲመልስ የነበረ ተማሪ ድንገት አቴንዳንስ ላይ ሲጠፋ ኤፍ ከመስጠታችሁ በፊት ቢሮ ጠርታችሁ "ደህና ነህ ወይ" በሉት፣ የምክር አገልግሎት ቢሮው የት እንደሆነ አሳዩት። ተማሪው ያን ቢሮ በራሱ ፈልጎ የሚሄደው አቅም ሲኖረው ነው፣ ሲታመም ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው አቅሙን ነው።

ሀኪሙ እረፊ ካለሽ ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል ማብቂያ ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠይቂ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ማመልከቻው አጭር ይሁን፣ "በጤና ምክንያት" የሚለው ይበቃል፣ የበሽታውን ስም አንቺ መጻፍ የለብሽም፣ የሀኪም ወረቀቱን አያይዢ፣ ኮፒውን አስቀሪ፣ ዶርምና ላይብረሪ ክሊራንስ ጨርሰሽ ውጪ። ረቂቁን ላኪልኝና አብረን እናየዋለን፣ ከዛ በፊት ግን ዛሬ ማታ ለማን እንደነገርሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።