በመኪና መስታወት ላይ ስለሚለጠፈው የራዲዮ መለያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለመንገድ ክፍያና የመንገድ መጨናነቅን ለማወቅ መኪና ላይ የሚለጠፈው የአርኤፍአይዲ (በራዲዮ ሞገድ የሚነበብ) መለያ ባትሪ የለውም ይባላል። ታዲያ በምን ኃይል ይሠራል?

መልስ፦ ኃይሉን የሚሰጠው አንባቢው መሣሪያ ነው። ከመንገዱ በላይ የተሰቀለው አንቴና የራዲዮ ሞገድ ይለቃል። መለያው ውስጥ ያለው ስስ የብረት አንቴና ከዚያ ጥቂት ኃይል ይቀበልና ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማይተልቀውን ቺፕ ያነቃዋል። ቺፑም የሚያንጸባርቀውን ሞገድ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ደከም እያደረገ በውስጡ የተመዘገበውን መለያ ቁጥር ይናገራል። መሐንዲሱ ሃሪ ስቶክማን በተንጸባረቀ ሞገድ መነጋገር እንደሚቻል የጻፈው በ1948 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ መኪና ላይ የሚለጠፉት ባትሪ አልባ መለያዎች በአብዛኛው ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራሉ፤ የሚነበቡትም ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ነው። ባትሪ ያላቸውም አሉ፤ እነሱ ከራቀ ቦታ ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው መኪናዬ የትም ብትሄድ ትታያለች?

መልስ፦ አትታይም። መለያው የት እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ ቦታን የሚያሰላው ጂፒኤስ ነው። የሚመዘገበው «ይህ ቁጥር በዚህ ሰዓት በዚህ አንባቢ ሥር አለፈ» የሚለው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ብቻ የመንገድ መጨናነቅ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ የዚህ ሥራ ውበት እዚህ ላይ ነው! ሁለት አንባቢዎች በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ተተክለዋል እንበል። አንድ ቁጥር መጀመሪያው ጋ 2፡00፣ ሁለተኛው ጋ 2፡06 ላይ ከተነበበ መኪናዋ በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። ግን ሾፌሩ መሀል ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ ይሆናል። ስለዚህ የብዙ መኪኖች ጊዜ ከአጭር ወደ ረጅም ይደረደርና መሀል ላይ የዋለው ይወሰዳል። የአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ ለመንገድ ክፍያ የተለጠፉትን መለያዎች ለዚሁ ተጠቅማባቸዋለች። ሁሉም መኪና መለያ ባይኖረውም ፍጥነቱን መገመት ይቻላል። የመኪኖቹን ብዛት ለማወቅ ግን ሌላ ቆጣሪ ያስፈልጋል፤ ይህን ልዩነት የሚዘነጉ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ አንዳንዴ አይነበብም።

መልስ፦ የመኪናዎን የፊት መስታወት ይመርምሩ። ሙቀት ለመከላከል ስስ ብረት የተቀባ መስታወት ሞገዱን ያግዳል። ብዙ አምራቾች በኋላ ማሳያው መስታወት (ስፖኪዮ) አካባቢ ያልተቀባ ቦታ ይተዋሉ፤ መለያው እዚያ ይለጠፍ። ተላጥቶ እንደገና የተለጠፈ ከሆነም አንቴናው ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለት መኪኖች እኩል ቢደርሱስ?

መልስ፦ እያንዳንዱ መለያ በዕጣ ተራ ይይዛል፤ ከተጋጩ ዕጣው ይደገማል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ማን የት እንደዋለ መመዝገቡ አያስፈራም?

መልስ፦ ያስፈራል፣ ሊያስፈራም ይገባል። ለትራፊክ ጥናት የባለቤቱ ስም ፈጽሞ አያስፈልግም። የሚበቃው በሁለቱ ቦታዎች ያለፈው አንድ ቁጥር መሆኑን ማወቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ገና ሲነበብ በምስጢር ኮድ መለወጥ፣ የኮዱን ቁልፍ በየቀኑ መቀየር፣ ጉዞው እንደተሰላም መዝገቡን ማጥፋት ይቻላል። አንባቢ ሊተከል ሲታሰብ መረጃው ስንት ቀን እንደሚቀመጥና ማን ሊያየው እንደሚችል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ምሰሶው ከመቆሙ በፊት።